ልጄ ጥቁር በጥቁር ሆና ቀረች፣ ጠበል ልውሰዳት ወይስ ዊትቢ ልስደዳት?

የዛሬው ደብዳቤ ከእንግሊዝ አገር ከሊድስ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ስምና ሰፈርም አውጥቻለሁ።

«እትዬ እንደምን አሉልኝ። አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፣ 16 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የወለድኳት። ልጅ ሆና ቤተክርስቲያን ትዘምር ነበር፣ በትምህርቷ አሁንም አትታማም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጥቁር ካልሆነ አትለብስም። ጥቁር ሊፕስቲክ፣ ጥቁር ጥፍር፣ የዳንቴል ጓንት፣ የወታደር የሚያህል ቡትስ። ፊቷን ነጭ ዱቄት ትቀባውና ጠይሟ ልጄ አመድ መስላ ትወጣለች። አንገቷ ላይ አናቱ ቀለበት የሆነ መስቀል አንጠልጥላለች፣ የባሌ እህት አይታው ‹ይሄ የሰይጣን መስቀል ነው› ብላ አስደነገጠችኝ። ክፍሏ ስገባ ደግሞ አንዱ ‹ቤላ ምናምን ሞቷል› እያለ ያላዝናል። ምንድን ነው ይሄ ስላት ‹እማ፣ ጎት ነኝ› አለችኝ፣ በቃ። ማኅበር ላይ ሴቶቹ ‹ማን ሞቶባት ነው ከል የለበሰችው› ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። አባቷ አዲስ አበባ አያቷ ጋ ትሂድና ትቅር ይላል፣ እህቱ ጠበል ነው የሚሻላት ትላለች። አሁን ደግሞ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ዊትቢ የሚባል ከተማ የጎቶች በዓል አለ፣ ከጓደኞቼ ጋ ልሂድ ብላ ይዛኛለች። ሃይማኖት ነው እንዴ? ልከልክላት? ምን ላድርግ? የጨነቃት እናት።»

የኔ እህት፣ ከጥያቄዎችሽ ቀላሉን ላስቀድምልሽና ትንሽ ተንፍሺ፣ ሃይማኖት አይደለም። ቄስ የለው፣ መጽሐፍ የለው፣ መሐላ የለው፣ አባል የሚመዘግብ የለው። ጎቶች ውስጥ እሁድ ቤተክርስቲያን የሚሳለም አለ፣ ምንም የማያምን አለ፣ የጥንቱ የአውሮፓ ጣዖት ነገር የሚያባብለውም አለ አልዋሽሽም፣ ግን እሱ ከየትኛውም የእንግሊዝ ወጣት መሃል የምታገኚው ነው። ጎት መጀመሪያ ሙዚቃ ነው፣ ሙዚቃውን ልብሱ ተከተለው፣ ልብሱን ደግሞ መጽሐፉና ፊልሙ፣ እንደዛ እየተያያዘ የመጣ ነገር ነው።

የሚገርምሽ ደግሞ ልጅሽ ይሄን ከሩቅ አላመጣችውም፣ እዛው አንቺ ያሳደግሽበት ከተማ ነው አድጎ የጠበቃት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳይምታታብሽ።) የ1970ዎቹን መጨረሻ ሊድስን ዛሬ እንደምታውቂያት አድርገሽ እንዳታስቢያት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አንድ በአንድ እየተዘጋ፣ ሕንፃው በከሰል ጭስ ጠቁሮ፣ በዛ ላይ ፒተር ሰትክሊፍ የሚባል ሴት እያደነ የሚገድል ሰው በከተማዋና በዙሪያዋ ይዞር ነበር። የተያዘው በ1981 መጀመሪያ ነው፣ 13 ሴቶች በመግደል ተፈረደበት፣ እስከዛ ድረስ ሴት ሁሉ ማታ ከቤት መውጣት ፈርታ ነበር የምትኖረው። በ1982 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ያጣው ሰው ከ3 ሚሊዮን አለፈ፣ የኒውክሌር ጦርነት ዛሬ ነው ነገ ነው እየተባለ ይፈራል። እዛ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለ አበባና ስለ ፀሐይ ምን ብሎ ይዝፈን? በ1980 እዛው ሊድስ ሲስተርስ ኦፍ መርሲ የሚባል ባንድ ተመሠረተ። ከበሮ የሚመታላቸው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፣ ዶክተር አቫላንሽ ብለው ስም አወጡለት፣ ባንዱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲለዋወጥ ከዘፋኙ ከአንድሩ ኤልድሪች ጋር እስከ ዛሬ የዘለቀው ማሽኑ ብቻ ነው። ኤልድሪች ራሱ ጎት አይደለሁም ብሎ ስንት ዓመት ይከራከራል፣ ጎቶቹ ግን አይሰሙትም። ዕቃ ልትገዢ መሪየን ሴንተር ትገቢ የለ? ከሱ ሥር ምድር ቤት ውስጥ ለ ፎኖግራፊክ የሚባል ጭፈራ ቤት ነበረ፣ በዛን ጊዜ የሊድስ ጥቁር ለባሽ ወጣት ሁሉ እዛ ነበር የሚያመሸው። ዛሬ እነሱ ስልሳን የተጠጉ ሰዎች ናቸው፣ ምናልባት አንዷ ጂፒ (የሰፈር ሐኪምሽ) ጋ ስትሄጂ ሪሴፕሽን ላይ የምታስተናግድሽ ሴትዮ ናት ማን ያውቃል።

ያ «ቤላ ምናምን» ያልሽው ዘፈን ደግሞ የጎቶች የመጀመሪያው ዘፈን የሚባለው ነው፣ እና ልጅሽ ዕቃውን ከሥሩ ነው የያዘችው ማለት ነው፣ ከቲክቶክ ብቻ የለቀመች አይደለችም። ቤላ ሉጎሲ በ1931 ፊልም ላይ ደም መጣጩን ድራኩላን ሆኖ የተወነ ትውልዱ ሃንጋሪ የሆነ አክተር ነው፣ በ1956 ሲሞት የድራኩላውን ካባ ለብሶ ነው የተቀበረው። በ1979 ባውሃውስ የሚባሉ የኖርዝሃምፕተን ልጆች ስለሱ ዘፈን አወጡ፣ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ነው፣ ዘፋኙ አፉን የሚከፍተው ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው፣ እስከዛ ከበሮው ጠክ ጠክ ይላል፣ ጊታሩ እንደ በር ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። እስቲ አንድ ቀን ከልጅሽ ጋ ቁጭ ብለሽ አዳምጪው፣ ያ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተመልሶ የሚመጣው ነገር የጃማይካ ነው፣ ዳብ ነው፣ ከሬጌ የወጣው። በ1977 ለንደን ሮክሲ በሚባለው የፓንኮች (ከጎት ቀድሞ የመጣ የሮክ ሙዚቃ ነው) ክለብ ዲጄው ዶን ሌትስ ነበር፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ጥቁር ልጅ፣ ገና የፓንክ ሸክላ ብዙ ስላልነበረ በየመሃሉ ሬጌና ዳብ ነበር የሚያጫውታቸው፣ እና የዛ ዘመን የእንግሊዝ ነጭ ልጅ ጆሮው በዛ ነው የተሠራው። ሬጌው ደግሞ ማንን እያወደሰ እንደኖረ አንቺ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ባልሽ «የነጭ ነገር» ካለ ይሄን ንገሪው። እሱም ካልበቃው፣ በ1956 «አስማት አድርጌብሻለሁ» የሚል ዘፈን አውጥቶ መድረክ ላይ ከሬሳ ሣጥን ውስጥ እየተነሳ ይዘፍን የነበረው ስክሪሚን ጄይ ሆኪንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ከነዚህ ሁሉ ከሃያ ዓመት በላይ ይቀድማል።

ከዛ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። ሱክሲ የምትባለው የለንደን ዘፋኝ ናት ያንን የዓይን ኩል አጥልቆ ጫፉን ወደ ጆሮ መሳቡን ያመጣችው፣ ኪውር የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ የተንጨባረረ ፀጉሩንና የተለቀለቀ ሊፕስቲኩን ጨመረ፣ በ1982 ለንደን ሶሆ ባትኬቭ የሚባል ክለብ ተከፈተና ልብሱ መልክ ያዘ። በ2022 መጨረሻ ዌንስዴይ የሚለው የኔትፍሊክስ ሲሪስ ሲወጣ አዲስ ትውልድ ጎረፈ፣ የልጅሽ ጓደኞች ግማሾቹ በዛ በር ሳይገቡ አይቀሩም።

አሁን ወደ ጥቁሩ ልምጣ፣ ማኅበር ላይ ያሳፈረሽ እሱ ስለሆነ። ሴቶቹ ከል ነው ማለታቸው ሳያውቁት ልክ ናቸው፣ እንግሊዝ ውስጥም ይሄ ጥቁር ግማሽ ሥሩ ከል ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት በዲሴምበር 1861 ሲሞትባት ጥቁር ለበሰች፣ እስክትሞት እስከ 1901 ድረስም አላወለቀችም። አርባ ዓመት! እኛ እንኳ ለባል ዓመት ሲሞላ እናወጣለን። ንግሥቲቱ ስትለብስ አገሩ ሁሉ ተከተላት፣ የሐዘን ጌጥ የሚባል ነገር ፋሽን ሆነ፣ የሟች ፀጉር የተቋጠረበት ሐብል፣ ጥቁር ዳንቴል፣ ጥቁር ጓንት፣ እና ጄት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ። ድንጋይ ይባል እንጂ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ዛፍ ተቀብሮ የጠጠረ ነው፣ በጣም ቀላል፣ ስትወለውዪው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ዋናው የሚገኘው ደግሞ ገምቺ የት፣ ልጅሽ ልሂድ ያለችሽ ዊትቢ። ልጅሽ ክፍል ያለው የዳንቴል ጓንት የዛ ዘመን ሐዘንተኛ ሴት ልብስ ቅጂ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፣ ቪክቶሪያ ያንን ጥቁር ለብሳ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው የእኛው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እዛው ሊድስ ሄዲንግሊ ውስጥ የሞተው፣ ኖቬምበር 1879፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷም በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ማዘኗን ጽፋለታለች፣ ዊንዘር ነው የተቀበረው። ልጅሽ ይሄን ታውቃለች? ካላወቀች አንቺ ንገሪያት። የቪክቶሪያ ዘመን ሐዘን ለሚማርካት የ16 ዓመት የሀበሻ ልጅ ከዚህ የሚቀርብ ታሪክ የለም፣ ካንቺ አፍ ብትሰማው ደግሞ ሌላ ነው።

ስሙ ራሱ ብዙ አገር ዞሮ ነው የመጣው። ጎት በ410 ሮምን የዘረፈ ሕዝብ ነው፣ ከሺ ዓመት በኋላ ጣልያኖቹ የመካከለኛውን ዘመን ረጃጅም ቤተክርስቲያን ሲንቁት «የጎቶች ሥራ» አሉት፣ ዮርክ ሄደሽ ያየሽው ትልቁ ካቴድራል ማለት ነው። በ1764 ደግሞ ሆራስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ ያረጀ ግንብ ውስጥ መንፈስ የሚታይበት ልቦለድ ጻፈ፣ ጎቲክ የሚባለው የመጽሐፍ ዓይነት ከሱ ይቆጠራል፣ ፍራንከንስታይንም በ1818 ድራኩላም በ1897 የዛ ዘር ናቸው። እንግሊዝኛ መምህሯ ይሄን ክፍል ውስጥ ማስተማሯ አይቀርም፣ ልጅሽ ሳትጠየቅ እጇን የምታወጣበት ትምህርት እሱ ይሆናል።

መስቀሉ። የባልሽ እህት እዚህ ላይ ተሳስታለች፣ ይቅርታ አድርጊልኝና። አናቱ ቀለበት የሆነው ነገር አንክ ይባላል፣ የጥንት ግብጾች የሕይወት ምልክት ነው፣ በኋላ የግብጽ ክርስቲያኖች፣ እነዚያ ለስንት መቶ ዓመት ጳጳስ ሲልኩልን የኖሩት ቅብጦች፣ የክርስቶስ መስቀል አድርገው ወሰዱት፣ በጥንት ጨርቃቸውና ድንጋያቸው ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ጎቶች ጋ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው፣ በ1983 ዴቪድ ቦዊና ካትሪን ዴኔቭ ደም መጣጭ ሆነው የተወኑበት ፊልም ላይ አንገታቸው ላይ ነበር (እዛ ፊልም መጀመሪያ ላይ ያ የቤላ ዘፈንም አለ፣ ባውሃውስ ራሳቸው ሲዘፍኑት)፣ ከዛ ጎቱ ሁሉ አጠለቀው። ስለዚህ እሷ ለምን እንዳደረገችው ጠይቂያት፣ ከፊልሙ ነው ብትልሽም የቅብጡን ታሪክ ጨምሪላት፣ ከፈለገች የእኛን አንገት መስቀል አብራ ታስራለች፣ ጎቶች መስቀል ሲደራርቡ ማየት የተለመደ ነው።

ስለ ሞትና ስለ ሐዘን መዝፈኑ ለምን እንደሚያስፈራሽ ይገባኛል፣ ግን በአቢይ ጾም በገና ስትከፍቺ ምንድን ነው የሚልሽ? ትሞታለህ፣ አፈር ትገባለህ፣ ይሄ ዓለም ከንቱ ነው ነው የሚልሽ፣ እና አንቺ እሱን ሰምተሽ ታርፊያለሽ እንጂ ልሙት አትዪም። ከባድ ነገር በዜማ ሲነገር የሚያርፍ ሰው አለ። ልጅሽ እንደዛ ዓይነት ልትሆን ትችላለች።

አሁን የምር ወደሚያስጨንቀው ልግባ፣ እዚህ ጋ አላቃልልብሽም። በ2015 ላንሴት ሳይካያትሪ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ብሪስቶል አካባቢ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲከታተሏቸው ከነበሩ ልጆች ከ3,600 በላይ የሚሆኑትን አይተው፣ በ15 ዓመታቸው «እኔ በጣም ጎት ነኝ» ያሉት 18 ሲሞላቸው ጎት አይደለሁም ካሉት ይልቅ ድብርት ሦስት እጥፍ ራስን መጉዳት ደግሞ አምስት እጥፍ ተገኘባቸው። ይሄን ሰምተሽ ሮጠሽ ቡትሷን እንዳትጥዪ፣ ምክንያቱም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጎትነቱ ነው ያመጣው ማለት አንችልም ነው ያሉት፣ ልቡ የከበደው ልጅ፣ ትምህርት ቤት የተገፋው ልጅ፣ ወደዛ ሰፈር የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ሲደርስ ደግሞ የሚረዳው ሰው ያገኛል። አብዛኞቹም ምንም አልሆኑም። እኔ ከዚህ የምወስድልሽ አንድ ነገር ነው፣ ልብሷን ተዪና ልጅቷን እያት።

ምን ልይ ካልሽኝ፣ ምግብ ትተዋለች ወይ፣ እንቅልፏስ፣ ትወደው የነበረውን ነገር (ጎት ያልሆነውንም) ተወችው ወይ፣ ከጓደኞቿ ጋ መገናኘት አቆመች ወይ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ዓይነት ነገር ታመልጣታለች ወይ። ጎት በጁላይ ሙቀትም ረጅም እጅጌ ስለሚለብስ እጅጌው ብቻውን ምልክት አይሆንሽም፣ ግን ክንዷን ከራስሽ ከእናቷ ስትደብቅ ካየሽ እጅጌውን ጎትተሽ እንዳትገልጪ። ብቻችሁን መኪና ውስጥ ስትሆኑ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ በግልጽ ጠይቂያት፣ «ራስሽን ጎድተሽ ታውቂያለሽ? ለመሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ይሄ የኛ ሰው የሚፈራው ነገር ነው ግን እውነት አይደለም። አዎ ካለችሽ አትጩሂ፣ አታልቅሺባት፣ በዛው ሳምንት ጂፒ ጋ ውሰጃት። አስቸኳይ ከሆነ 111 ደውለሽ የአእምሮ ጤና የሚለውን ምረጪ፣ ሕይወቷ ላይ አደጋ ካለ 999። እሷ ካንቺ ጋ ማውራት ካቃታት ቻይልድላይን 0800 1111 አለ፣ በነፃ ነው፣ ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው፣ ለማን እንደሆነ ማስረዳት የለብሽም።

ሌላው ፍርሃቴ ከውጭ የሚመጣው ነው፣ ስለሱ ደብዳቤሽ ላይ አንድም ቃል የለም። በኦገስት 2007 ላንክሻየር ውስጥ ባካፕ በምትባል ከተማ፣ ከናንተ ብዙም አይርቅም፣ ሶፊ ላንካስተር የምትባል የ20 ዓመት ልጅና የወንድ ጓደኛዋ መናፈሻ ውስጥ በጎረምሶች ተደበደቡ፣ ምክንያቱ አለባበሳቸው ብቻ ነው፣ እሱ ተረፈ እሷ ግን ሆስፒታል ሆና በዛው ወር ሞተች። እናቷ ሲልቪያ ከዛ በኋላ እስክትሞት ድረስ በልጇ ስም ፋውንዴሽን አቋቁማ በየትምህርት ቤቱ ስታስተምር ኖረች፣ በ2013 የግሬተር ማንቸስተር ፖሊስ እንደዚህ ዓይነቱን ጥቃት የጥላቻ ወንጀል ብሎ መመዝገብ ጀመረ። ልጅሽ ደግሞ ጥቁር ናት፣ በሁለት በኩል ነው ዓይን የሚገባባት። ስለዚህ ማታ ብቻዋን አውቶቡስ እንዳትጠብቅ፣ ስልኳ ቻርጅ ይኑረው፣ መንገድ ላይ ሰው ከሰደባት መልስ ሳትሰጥ ሰው ወዳለበት ትግባ፣ ደርሶባት ከሆነም ለፖሊስ ተመዝገቡ። ይሄን ስትነግሪያት «ስለዚህ አውልቂው» ብለሽ እንዳትጨርሺው ብቻ፣ እዛ ጋ ከደረስሽ ሁለተኛ የደረሰባትን አትነግርሽም።

ዱቄቱ ላይ ግን ካንቺ ጋ ነኝ። ነጭ ፊት የቪክቶሪያ ዘመንና የድራኩላ ፊልም ነገር ነው፣ ጠይም ልጅ እሱን ስትቀባ ያልሽው አመድ ነው የሚወጣው። ጥቁር ጎቶች ሞልተዋል፣ በገዛ ቆዳቸው ላይ ወይን ጠጅ ሊፕስቲክና ወፍራም ኩል አድርገው ከማንም በላይ ያምርባቸዋል፣ ኢንስታግራም ላይ ብትፈልግ በሽ በሽ ነው። ይሄን ግን በቁጣ አታድርጊው፣ ቡትስ ሄደሽ (ሱቁን ነው የምልሽ) ለቆዳዋ ልክ የሆነ ፋውንዴሽን ራስሽ ግዢላት። ደንግጣ ትቀራለች።

አዲስ አበባ ትሂድ ለሚለው አባቷ፣ አያቷን ለማየት ከሆነ ደስ ይላል፣ ሁላችሁም ሂዱ። ለቅጣት ከሆነ ግን ኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ትምህርት) ሊደርስባት ያለችን ልጅ ከትምህርቷና ከጓደኞቿ ነቅሎ ቋንቋውን አጥርታ በማትናገርበት አገር መጣል ነው፣ የደህናውን ልጅ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፣ ድብርቱን ያን ጊዜ ታገኙታላችሁ። ጠበልም እንደዛው። ካመነችበትና እኔም ልጠመቅ ካለች ማን ይከለክላታል፣ ነገር ግን ጎትተሽ ወስደሽ ሰይጣንሽን አስወጡልኝ ስትያት ሰይጣን አለብሽ እያልሻት ነው፣ የ16 ዓመት ልጅ ይሄን ከእናቷ ሰምታ አትረሳውም። ንስሐ አባትሽ እዛው ያደጉ ልጆችን የሚያውቁ ሰው ከሆኑ መጀመሪያ አንቺ ብቻሽን ሄደሽ አማክሪያቸው።

ቤተክርስቲያን ስትሄዱ ነጠላ ታጣፋ፣ ከሥር ያለው ቀሚስ ጥቁር ይሁን፣ ረጅም እስከሆነ ድረስ ማንም አያባርራትም። ሊፕስቲኩን ግን ትጥረገው፣ መስቀል ስትሳለም ይነካል። ይሄን ያህል ብቻ ጠይቂያት፣ እሺ ትልሻለች። ማኅበር ላይ «ማን ሞቶባት ነው» ላሉሽ ሴቶች ደግሞ «ማንም አልሞተባትም፣ ፋሽኗ ነው፣ ሂሳብ ላይ ኤ አምጥታለች ያንቺስ ልጅ?» በይና ሻዩን ቅጂ። (ኤ ካላመጣች ሌላ ነገር ፈልጊ።)

ዊትቢ? ትሂድ ነው የምልሽ፣ ግን አንቺም ሂጂ። የጎቶቹ ዊክኤንድ ከ1994 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ እዛ የተደረገውም የድራኩላ ደራሲ ብራም ስቶከር በ1890 ዊትቢ ሰንብቶ በኋላ ድራኩላው በመርከብ እንግሊዝ ሲገባ እዛች ወደብ ላይ ስላወረደው ነው፣ መርከቧ ስትጋጭ ትልቅ ውሻ ሆኖ ዘሎ ይወርዳል። ከአዳር ጭፈራው በላይ ቀን መንገድ ላይ መዟዟሩ ነው ዋናው፣ ካባ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ጋሪ ውስጥ በጥቁር ጥልፍ የተጠቀለለ ሕፃን የሚገፉ እናቶች፣ ዓሣና ቺፕስ ወረፋ ላይ ቆመው ስለ ጉልበት ሕመማቸው የሚያወሩ ጎቶች ታያለሽ። ፖል ሆድኪንሰን የሚባል የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስት፣ ራሱም ጎት የነበረ፣ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት አጥንቷቸዋል፣ ብዙዎቹ አግብተው ወልደው ሥራ ይዘው እንኳ ከመሃሉ እንዳልወጡ ነው የጻፈው። ስለዚህ ልጅሽ ቢቆይባትም ሕይወቷ አለቀ ማለት አይደለም።

አንቺም የምታደርጊው አታጪም። 199 ደረጃ ወጥተሽ ቅድስት ሂልዳ በ657 ገዳም የመሠረተችበት ቦታና በኋላ እዛው የተሠራው ገዳም ፍርስራሽ አለ፣ ወንዱም ሴቱም መነኩሴ በሷ በእመምኔቷ ሥር የነበረበት፣ በ664 ፋሲካ በየትኛው አቆጣጠር ይዋል ብለው ጉባኤ ተቀምጠው የተከራከሩበት ቦታ ነው፣ ይሄ ክርክር ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የኋለኛውን ገዳም ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1539 ዘጋውና ዛሬ ግድግዳው ብቻ ነው የቆመው። ልጆቹ ከሥር ከተማው ውስጥ ይዙሩ፣ አንቺ ከላይ ሁኚ፣ በየሁለት ሰዓቱ ቴክስት ያድርጉልሽ፣ ማታ ኮንሰርቱ ላይ የዕድሜ ገደብ ሊኖር ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ተያዩት። ከሊድስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ በዛን ሰሞን አልጋ ስለማይገኝ አዳር ካሰባችሁ ከአሁኑ ያዙ፣ ካልሆነም ደርሶ መልስ ይበቃችኋል። ነጠላ ሳይሆን ወፍራም ጃኬት ነው የሚያስፈልግሽ፣ የሰሜን ባሕር ንፋስ ይሰብራል። የጃኬቱን ቀለም ለልጅሽ ተዪላት፣ ምን እንደምትመርጥልሽ መቼም አይጠፋሽም።